ስሊቭ ከተሠራሁ ገና 5 ሳምንቴ ነው፣ ሚዛኑ ግን ድርቅ ብሎ ቆሟል

ማለዳ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጨጓራ ቅነሳ፣ ማለትም ስሊቭ፣ ከተሠራሁ አምስት ሳምንት ተኩል ሆነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ የተሠራሁ ዕለት 118 ኪሎ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 108 ገባሁ። ከዚያ ወዲህ 17 ቀን ሙሉ የማየው 108፣ 108.4፣ 107.9፣ 108.2 ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ እመዘናለሁ።

የምበላው፦ ጠዋት አንድ ኩባያ የአጃ አጥሚት፣ ምሳ ቀጠን ያለ ሽሮ በሩብ እንጀራ ፍትፍት፣ ማታ የአትክልት ሾርባ። አልፎ አልፎ አንድ እንቁላል። የፕሮቲን ዱቄቱ ጣፋጭነቱ ስለሚከብደኝ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምጠጣው። ውሃ በቀን አንድ ሊትር አይሞላም።

ጨጓራዬ ተለጥጦ ይሆን? የማታውን ሾርባ ትቼ በቀን ሁለቴ ብቻ ብበላስ? በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም እየደረሰ ነው፤ መጾም ይቻለኛል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

የኩሽና_ሚዛን፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ምግብ አትቀንሺ። ጨጓራሽም አልተለጠጠም። በስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ አብሮ የሚወጣው ደግሞ ላይኛው፣ ፊኛ የሚመስለውና ለመለጠጥ የሚመቸው ክፍል ነው። የቀረው ጠባብ ቱቦ በአምስት ሳምንት፣ ያውም በአጥሚትና በሾርባ፣ የሚለጠጥበት ምክንያት የለም።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሚዛን መቆሙ በዚህ ቀዶ ጥገና በጣም የተለመደ ነው፤ ሚስጥሩም ውሃ ነው። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፣ በአዋቂ ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም ቢያንስ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ፈሳሽ ብቻ በምትወስጂባቸው ቀናት ስንቁ ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል፤ ሚዛኑ ላይ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ቁጥር ባንድ ጊዜ ይጠፋል ማለት ነው። ቆየት ብሎ ለስለስ ያለ ምግብ ስትጀምሪ ሰውነት ከስንቁ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ከነውሃው። ስቡ እየወጣ ውሃው እየገባ ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ ሁለቱን አይለይም።

በቁጥር ላሳይሽ። ዕድሜሽ 35 አካባቢ ከሆነ፣ በዚህ ቁመትና ክብደት ሰውነትሽ ተኝተሽ እንኳ የሚያቃጥለው ወደ 1,760 ካሎሪ ነው። የጻፍሽው ምግብ ተደምሮ 700 ቢደርስ ነው። በቀን ቢያንስ 1,000 ካሎሪ ይጎድላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይዟል። ስለዚህ በእነዚያ 17 ቀናት ሚዛኑ ባያሳይሽም ከሰውነትሽ 2 ኪሎ ያህል ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ጡንቻ ነው የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም ፕሮቲንሽ በጣም አነስተኛ ነው።

እስቲ ሳህንሽን እንቁጠረው። ሽሮ ሲባል ፕሮቲን የሞላው ይመስለናል፣ ዱቄቱ በእርግጥ ከመቶ 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ግን ቀጭን ሽሮ ስትሠሪ ለአንድ ኩባያ ውሃ የሚገባው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ከ25 እስከ 30 ግራም ነው። ከዚያ የሚገኘው 6 ግራም ፕሮቲን ቢሆን ነው፣ አንቺ ደግሞ የምትጨርሺው ግማሹን ነው፤ 3 ግራም። ሩቡ እንጀራ ሌላ 3 ወይም 4 ግራም። አጥሚቱ 3፣ ሾርባው 2 ወይም 3። እንቁላል የበላሽ ቀን 6 ይጨመራል። የፕሮቲን ዱቄቱን ባልጠጣሽበት ቀን ከ20 ግራም እምብዛም አታልፊም። የሚፈለገው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ያን ያህል ሲጎድል ሰውነት ከጡንቻ ይበላል፣ ድካም ይመጣል፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል የሚመጣው የፀጉር መርገፍም ይብሳል።

ስለዚህ መጠኑን ሳትጨምሪ ይዘቱን ለውጪ። ጠዋት አንድ ለስለስ ያለ የእንቁላል ፍርፍር ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይብ ጋር፣ 10 ግራም ይሆናል። ረፋድ ላይ አንድ የፕሮቲን ዱቄት ማንኪያ በውሃ ወይም በወተት፣ 25 ግራም አካባቢ። ምሳ 60 ግራም የተቀቀለ ወይም በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ 15 ግራም። ከሰዓት በኋላ 100 ግራም ወፍራም የግሪክ እርጎ፣ 10 ግራም። ማታ 50 ግራም የተፈጨ ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ በትንሽ መረቅ ለስልሶ፣ 13 ወይም 14 ግራም። ከ70 ግራም በላይ ደረስሽ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከግማሽ ኩባያ በላይ አልበላሽም። ዓሣውም ሥጋውም የቀዶ ጥገና ቡድንሽ በሰጠሽ የምግብ ደረጃ የተፈቀደልሽ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል በአንድና ሁለት ሳምንት ይለያያል።

የዱቄቱ ጣፋጭነት ከከበደሽ ጣዕም ያልተጨመረበትን ግዢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚፈላ ሽሮ ወይም ሾርባ ውስጥ በቀጥታ መጨመሩ ላይ ነው፤ ወዲያው ይጓጉላል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይበላውም። ዱቄቱን በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው። ሽሮውን ከእሳት አውርደሽ፣ ጣትሽን ነክረሽ ለመታገሥ የማያስቸግርሽ ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ እያማሰልሽ አፍሺበት። ያቺው ግማሽ ኩባያ ሽሮ 3 የነበረችው 20 ግራምና ከዚያ በላይ ትሆናለች። ወተት የሚያስነፋሽ ከሆነ አይሶሌት የሚል የተጻፈበትን ምረጪ፣ ላክቶሱ በጣም አነስተኛ ነው።

ነርስ_ሐረግ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ አመዛዘኑና ስለ ፈሳሹ ልጨምር።

ማለዳ፣ በቀን ሁለቴ መመዘኑን ዛሬውኑ አቁሚ። ጠዋትና ማታ መካከል ብቻ የአንድ ኪሎ ልዩነት የተለመደ ነው፣ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ አንድም ሁለትም ኪሎ ውሃ ይያዛል። አንድ ቀን ምረጪ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንበል፣ ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ በዚያው ሚዛን፣ ምንጣፍ በሌለበት ጠንካራ ወለል ላይ። በዚያው ቀን በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብሽን እምብርት ላይ፣ ዳሌሽን በሰፊው ቦታ፣ ክንድሽንና ጭንሽን ለኪና ጻፊው። ሚዛን ቆሞ ወገብ በሁለት ሴንቲሜትር ከጠበበ ቆመብኝ አይባልም። እውነተኛ መቆም የምንለው ሚዛኑም ሜትሩም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካልተነቃነቁ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መከታተል እንጂ ማከም አያስፈልግም።

ውሃ ከአንድ ሊትር በታች መሆኑ አሳስቦኛል። ቢያንስ አንድ ተኩል ሊትር ያስፈልጋል። ባንዴ መጠጣት እንደማይቻል ይታወቃል፤ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ያዢና በየ10 ደቂቃው ሁለት ጉንጭ፣ እስከ ቀትር አንዱን፣ እስከ 10 ሰዓት ሁለተኛውን፣ እስከ ምሽት ሦስተኛውን ጨርሺ። ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ከበላሽ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቂ። ሽንትሽ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ፈሳሽ አንሶሻል። ፈሳሽ ሲያንስ ሆድ ይደርቃል፤ አምስት ቀን ያልወጣ ሰገራ ብቻውን ሚዛኑን ይዞት ሊቆይ ይችላል። የብረት እንክብልም ድርቀቱን ያባብሳል፣ አትተዪው ግን፤ ማለስለሻ ስጡኝ ብለሽ ቡድንሽን ጠይቂ።

በርበሬና ሚጥሚጣ ራሳቸው አያወፍሩም። የሚያስቸግረው አብሯቸው የሚገባው ጨው ነው፤ ጨው የበዛበት ወጥ የተበላ ዕለት ማግሥት ሚዛኑ ከፍ ቢል ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

ሌላው፣ ክብደት ሲቀንስ እርግዝና የመያዝ ዕድል ይጨምራል፣ ተቆራርጦ የነበረ የወር አበባም ይስተካከላል። እንዲያም ሆኖ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲቆይ ይመከራል። ሚዛን ቆሞ የወር አበባ ከዘገየ መጀመሪያ መመርመር ነው።

በመቆም ስም የማይታለፉ ምልክቶችም አሉ። 24 ሰዓት ውሃ እንኳ አልቆይ ካለ፣ የልብ ምት በዕረፍት ላይ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት 38ን ካለፈ፣ የሆድ ሕመሙ ከበረታ ወይም ወደ ግራ ትከሻ ከወጣ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ለቀናት ያስታወከ ሰው ነገሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «የጨጓራ ቅነሳ ተሠርቻለሁ፣ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 ስጡኝ» በሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

አጥናፍ፦

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ይቅርታ። የእኔ ባይፓስ ነው፣ ማለትም ከጨጓራው ላይኛው ክፍል ትንሽ ከረጢት ለይተው ከአንጀት ጋር የሚያጋጥሙበት፣ ሌላው ጨጓራ የሚተውበት ቀዶ ጥገና፤ 14 ወር አልፎታል። ዕድሜ 45፣ ቁመት 1.75፣ ከ130 ኪሎ ተነስቼ 84 ላይ ሦስት ወር ቆሜአለሁ። ሜትሩም አልተነቃነቀም። 78 ለመግባት ነበር ያሰብኩት። ይህም ውሃ ነው? ወይስ ከረጢቱ ሰፋ?

የኩሽና_ሚዛን፦

አጥናፍ ወንድሜ፣ የአንተ ከማለዳ የተለየ ጉዳይ ነው፣ ውሃ አይደለም። ሚዛን ተመጣጥኗል፤ የምታስገባው ከምታቃጥለው እኩል ሆኗል።

በሚፍሊን ቀመር ሲሰላ፣ 130 ኪሎ ሳለህ ሰውነትህ በዕረፍት የሚያቃጥለው 2,170 ካሎሪ አካባቢ ነበር። ዛሬ 84 ላይ 1,710 አካባቢ ነው። ምንም ሳታጠፋ በየቀኑ 460 ካሎሪ ከወጪህ ተቀንሷል። ያንኑ መንገድ ስትሄድም ድሮ የምትሸከመው 46 ኪሎ የለም፣ እግርህ የሚያወጣው ጉልበት አንሷል። በዚያ ላይ ሰውነት ክብደት ሲቀንስ በራሱ ቆጣቢ ይሆናል።

ቀጥሎ ግን ይህን አስብ። 46 ኪሎ ከ130 ላይ ሲወጣ 35 በመቶ ነው። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ሰዎችን የተከታተለው ኤስ ኦ ኤስ የተባለው ጥናት፣ ባይፓስ የተሠሩት በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ቢበዛ በአማካይ 32 በመቶ እንደቀነሱ፣ በ10ኛው ዓመት ደግሞ 25 በመቶ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። አንተ ከአማካዩ በላይ ነህ። 84 ላይ መቆምህ የቀዶ ጥገናው መክሸፍ አይደለም። 78 የምትለው ቁጥር ከሐኪምህ ነው የመጣው ወይስ ከቁመት ሰንጠረዥ? ከሰንጠረዡ ከሆነ በእሱ ራስህን አትቅጣ።

እንዲያም ሆኖ የሚፈተሽ አለ፤ ከረጢቱ ሰፋ ከማለት በፊት የሚፈተሸው የሚንሸራተት ምግብ ነው። አንድ መቶ ግራም ጥብስ ከበላህ ከረጢቱ ውስጥ ይቆያል፣ ትጠግባለህ። አንድ መቶ ግራም ገንፎ በቂቤ፣ ፍትፍት፣ የአቮካዶ ጭማቂ ወይም ብስኩት በሻይ ግን እየሟሟ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቦታው ባዶ ነው። በሰዓታት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከተበላ ባይፓሱ ምንም አይከለክልም።

አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ልውሰድ፣ ማንም ሰው «መብላት» ብሎ የማይቆጥረውን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስድስት ማንኪያ ስኳር 24 ግራም ነው፣ ወደ 96 ካሎሪ። ከጎኑ ገብስና ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ በወሬ መሀል ሁለት እፍኝ፣ 60 ግራም ቢሆን ወደ 280 ካሎሪ። ሳህን አልቀረበም፣ ጥጋብም አልተሰማህም፣ ወደ 380 ካሎሪ ግን ገብቷል። ከላይ ያልኩህን 460 አስታውስና አስተያየው። ቡናውን አትተው፤ ስኳሩን አውጣው፣ ቆሎውን ደግሞ በእጅህ ከመዝገንህ በፊት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ልክ ለይተህ ሌላው ከፊትህ ይነሳ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ፣ ንጥር ቂቤም ከዚያ ብዙ አያንስም። ቁሌቱ ጥሩ እንዲወጣ ተብሎ አንድ ድስት ላይ በኩባያ ሲፈስ፣ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ያ ቀይ ዘይት እንጀራው ውስጥ ይገባል። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልተህ በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ዘይት ለድስቱ ጨምር፤ ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም።

ሦስተኛው ከገበታ አበላላችን ጋር የተያያዘ ነው፤ በጋራ ትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ ማወቅ አይችልም። ጉርሻ ደግሞ በፍቅር ስለሚሰጥ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ምግብህን ከመቀመጥህ በፊት በትንሽ ሳህን አውጣ፦ 100 ግራም ፕሮቲን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ እንጀራ ከመዳፍህ የማይበልጥ። ሥጋው ቀድሞ ይለቅ፣ እንጀራው መጨረሻ ይምጣ። ቤተሰብ አብሮ ከትሪው ይብላ፣ የአንተ ሳህን በትሪው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ለሚያጎርስህ ሰው «ከሳህኔ አጉርሺኝ» በል፤ ፍቅሩም ይደርሳል፣ መጠኑም አይዛባም።

ለሰባት ቀን ጻፍ፣ ከበላህ በኋላ ሳይሆን ከመብላትህ በፊት፣ በግራም። 20 ብር ከማይሞላ ሒሳብ ጀምሮ ሁሉን እንደሚመዘግብ ባለሱቅ፣ የልጅህን ትራፊ ጉርሻ ሳይቀር ጻፈው። የሚጎድለው ነገር ብዙ ጊዜ በአራተኛው ቀን ላይ ራሱ ይታያል።

ነርስ_ሐረግ፦

ለአጥናፍ፦ ከምግቡ ጎን ለጎን የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለሐኪም አሳይ። ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላሚድ፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሚርታዛፒን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮኤት፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሮፕራኖሎል ክብደት ሊይዙ ወይም ሊጨምሩ ይችላሉ። ለሴቶች በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ መርፌም እንዲሁ። በራስ ማቆም ግን የለም፣ በሐኪም መቀየር ይቻላል።

ደም ስትሰጥ የታይሮይድ ቲኤስኤች፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና የሦስት ወር ስኳር አብረው ይታዩ። የታይሮይድ እንክብል የምትወስዱ ከካልሲየምና ከብረት በአራት ሰዓት አርቁት፣ አለበለዚያ አይመጠጥም፤ ታይሮይድ ሲቀንስ ደግሞ ሚዛን ይቆማል። ብረትና ካልሲየምም አብረው አይዋጡም፣ መካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር። ቡናና ሻይ ብረትን ይከለክላሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ራቁ። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚል ይሁን፣ በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም ከ600 ሳይበልጥ ተከፋፍሎ።

ከረጢቱ ሰፍቷል የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ፣ ባሪየም አጠጥተው በኤክስሬይ ወይም በኢንዶስኮፒ ሲመለከቱ ነው። ድሮ አንድ እንቁላል ያጠግብህ የነበረ ሰው ዛሬ ሙሉ ሳህን ደረቅ ሥጋ ያለ ችግር ከበላህ ያኔ ይታይልኝ ማለት ተገቢ ነው። ባይፓስ ላይ ከረጢቱና የተተወው ጨጓራ መካከል ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ ብዙ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ቃርና ክብደት አብረው ይመጣሉ። እግረ መንገዴን፣ ባይፓስ የተሠራችሁ ለራስ ምታትም ለወገብም አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አትዋጡ፣ መጋጠሚያው ላይ ቁስል ያመጣል። ፓራሲታሞል ይሻላል።

አጥናፍ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የክብደት መቀነሻ መርፌውስ ምን ያህል ይረዳል? ሴማግሉታይድ የሚሉት። ብዙ ሰው በኢንተርኔት ይሸጣል።

ወለላ፦

ሴማግሉታይድ 2.4 ሚሊግራም በአሜሪካ ለክብደት የተፈቀደው በ2021 ነው፣ ቲርዜፓታይድ ደግሞ በ2023። ከቀዶ ጥገና በኋላ ክብደት ሲቆም ወይም ሲመለስ ሐኪሞች ያዝዙታል፣ ብዙ ሰውንም ይረዳል። በኢንተርኔት የሚሸጠውን ግን አትንካ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደተጓጓዘ አታውቅም፤ መጠኑ የሚጀመረው ከዝቅተኛው ነው፣ ሻጩ ደግሞ ይህን አይነግርህም። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ጭራሽ አይወስደውም። ባይፓስ ላይ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ሲጨመር የፈሳሽና የቢ1 ችግር ይከተላል። አሁን ካለህበት ቦታ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጡንቻ ይመስለኛል።

ጡንቻ ስል ጂም ማለቴ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ፦ ከወንበር እጅ ሳትደግፍ መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ በእጅ መግፋት 10 ጊዜ፣ የጎማ ማሰሪያ በእግርህ ረግጠህ ወደ ደረትህ መሳብ 10 ጊዜ፤ ሦስቱን በተራ ሦስት ዙር። መጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱህ ቁጥሩን ሳይሆን ጎማውን ቀይር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጡንቻ ሲቆስል ውሃ ይይዛል፣ ሚዛኑ በግማሽ ኪሎ ቢጨምር እንዳትደነግጥና እንዳታቆም። ለማለዳ ይህ ገና ነው፤ ሐኪምሽ እስኪፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ስድስተኛው ሳምንት፣ ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ፣ ሆድ የሚያጠብቅ እንቅስቃሴም አትሥሪ። በእግር መሄድ ግን ዛሬም ይቻላል፤ ከምግብ በኋላ 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ።

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰልሽም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ችግሩም ሁለት ነው። አንደኛው እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመስ። በስድስተኛና ሰባተኛ ሳምንት ላይ ያለ ሰው ውሃ እስከዚያ ካልጠጣ በቀሪው ሰዓት አንድ ተኩል ሊትር በጉንጭ በጉንጭ ጠጥቶ፣ በመካከሉም በልቶ መጨረስ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከውሃ መከልከል አይሆንም። ይህን ለንስሐ አባትሽ ቀዶ ጥገናውን ገልጸሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመና ለሚያገግም ሰው ጾም እንደሚቀል እሳቸው ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ። የረመዳን ጾም ለሚይዙም የውሃው ሒሳብ ያው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀመርም።

ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ከፍስክ ምግብ መራቅ ብቻ ከሆነ የሚፈቀድልሽ፣ ይቻላል፣ ግን ያለ ዱቄት አይሞላም። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን ነው፣ አንቺ ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትችዪው ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። የአተር ወይም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ40 እስከ 50 ግራም ይሰጥሻል። አንድ ብርጭቆ ስኳር ያልገባበት የአኩሪ አተር ወተት 7 ግራም። ክክ ምስር ቅርፊቱ ስለወጣ ይለሰልሳል፣ ለሆድም ይቀላል፤ ድፍን ምስርና ሽምብራ ግን በዚህ ሳምንት ይነፋሉ፣ ቆይተሽ አስገቢያቸው። ሽሮሽን ወፍራም አድርጊው፣ ያለ እንጀራ በማንኪያ ብዪው። በጾም ወቅት ሰው የሚወፍረው በፓስታ፣ በድንች፣ በዳቦ በማርማላታና በሱፍ ፍትፍት ነው፤ እነዚህ ናቸው ሚዛን የሚያቆሙት። ቢ12 በአትክልት ውስጥ የለም፣ በጾሙ ወራት እንክብሉ አንድ ቀን እንኳ አይዘለል፤ ከ350 እስከ 500 ማይክሮግራም በቀን።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከነገ ጀምሮ የጠዋቱን አጥሚት በእንቁላልና አይብ እቀይራለሁ፣ ዱቄቱንም በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ሽሮው ላይ እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁሉንም አስተካክዬ ሚዛኑ በሚቀጥለው ቅዳሜም 108 ካለኝ?

የኩሽና_ሚዛን፦

108 ሊል ይችላል። ይህ የሦስተኛው ሳምንት መቆም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ሲለቅም ቀስ ብሎ አይለቅም፤ በሁለት ሦስት ቀን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ባንዴ ይወርዳል። ቅዳሜ ሚዛኑን ጻፊ፣ ሜትሩን ጻፊ፣ የሰባቱን ቀን ፕሮቲን ደምረሽ ለሰባት አካፍዪ። አማካዩ 60 ካልደረሰ የሚስተካከለው እሱ ነው። 60 አልፎ፣ ውሃውም አንድ ተኩል ሊትር ሞልቶ፣ ሚዛኑም ሜትሩም እስከ አሥረኛው ሳምንት ካልተንቀሳቀሱ፣ የሦስት ወሩን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያንን ማስታወሻ ይዘሽ ወደ ቡድንሽ ሂጂ። የጻፍሽው ወረቀት በእጅሽ ካለ ሐኪሙ ግማሹን ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልገውም።